አማቴን በስዊድንኛ የገደልኩበት ቅዳሜ

ስቶክሆልም ከገባሁ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረው አማቴን ገደልኳቸው። የገደልኳቸው በሁለት አጫጭር የስዊድንኛ ቃላት ነው። አትደንግጡ፤ እሳቸው ዛሬ ጉለሌ ቤታቸው ቁጭ ብለው ይህንኑ ታሪክ ከኔ አሳምረው ያወራሉ። ችግሩ ያልነበሩበትንም ክፍል እየጨመሩ ማውራታቸው ነው። ስለዚህ የነበርኩበት እኔ ልንገራችሁ።

በፊት ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ካላወቃችሁ ነገሩ አይገባችሁም። አዲስ አበባ ሳለሁ መርካቶ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ እሠራ ነበር። ወሬ አይነጥፍብኝም። ጓደኞቼ ሁሉ ሚዜ የሚያደርጉኝ ለመልኬ ሳይሆን ለአፌ ነበር። አማቴ እማማ በላይነሽ የጠሉኝም በዚሁ ነው። ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ፣ «ልጄን የሚያገባት ሰው ነው ሬዲዮ?» ብለው ጠየቁ አሉ።

ባለቤቴ ሰናይት ልጃችንን ሊያን በሕፃንነቷ ይዛ ቀድማኝ ስዊድን ሄደች። እኔ በቤተሰብ ማገናኘት ተከትያት ስመጣ ሊያ ትምህርት ቤት ገብታለች። ያን ጊዜ የምንኖረው ቮርቢ ጎርድ የሚባል ሰፈር፣ ከምድር ባቡሩ ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ ነበር። እና ያ አፈኛ ሰውዬ ዲዳ ሆነ። የቋንቋ ትምህርቱን እከታተላለሁ፤ ቤት ውስጥ መስታወት ፊት እለማመዳለሁ፤ ውጭ ስወጣ ግን የለሁም። አንድ ቀን ዳቦ ቤት ውስጥ የጠየቅሁት ነገር ከኋላዬ የተሰለፉትን ወጣቶች ስላሳቃቸው፣ ከዚያ ወዲህ በጣቴ ማሳየት ጀመርኩ። ሊያ ደግሞ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትመልስም። በስዊድንኛ ትጠይቀኛለች፣ እኔ ግማሹ ሳይገባኝ በአማርኛ እመልሳለሁ፣ ይሰለቻታል። እንዲህ እንዲህ እያልን ሁለታችንም ወሬያችንን አሳጠርን። «ብዪ» «በላሁ»፣ «ተኚ» «እሺ» ብቻ ቀረን።

እማማ በላይነሽ ሊጠይቁን የመጡት በዚህ መሀል፣ በረዶው በርትቶ በነበረበት የካቲት ነው። ጥቂት ቀን አይተውኝ ለሰናይት ወጥ ቤት ውስጥ ሲያንሾካሹኩ ሰማኋቸው።

«ያ አፈኛው የት ሄደ? ይኼ ግድግዳ ተደግፎ የሚያየኝ ማን ነው?»

«እማዬ፣ ቋንቋው ከብዶት ነው።»

«አማርኛውንም ወሰዱበት እንዴ? የድሮው ይሻለኝ ነበር እኮ። ቢያንስ የምጠላውን አውቀዋለሁ!»

የስፖርትሎቭ ሳምንት ደረሰ፤ በበረዶው ወራት ለልጆች የሚሰጠው የትምህርት ቤት ዕረፍት ነው። ሰናይት ቅዳሜ አረጋውያን መጦሪያው ሥራ ስለነበረባት፣ ከቤተ መጻሕፍት ያመጣችውን ወረቀት ዘረጋችልኝ። ከሰፈራችን በአውቶቡስ ጥቂት ራቅ ብሎ ባለው የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ፣ ቤተሰቦች ከአስጎብኚ ጋር ሆነው በበረዶ ላይ የእንስሳት ዱካ ይከተላሉ ይላል።

«እናቴንና ልጅህን ይዘህ ሂድ» አለችኝ። «ሦስታችሁም ቤት ውስጥ እየተፋጠጣችሁ ልታብዱ ነው።»

ጠዋት እማማን አለበሰቻቸው። የሰናይት ትልቅ ካፖርት፣ በላዩ ጋቢያቸው፣ እግራቸው ላይ የሰናይት ቦት ጫማ። እዚህ አገር አሮጊቶች በረዶ ሲያንሸራትት እንደሚያደርጉት፣ ከጫማው በላይ ደግሞ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ጎትታ አጠለቀችላቸው። ለጉልበታቸው ምርኩዝ እንዲሆናቸው ዣንጥላ ያዙ። ጋቢው ከኋላ መሬት ይጠርጋል። ልሰብስብልዎ ብላቸው፣ «ተወው፣ ይሞቀኛል» አሉ።

ጫካው መግቢያ ላይ ሌሎች ቤተሰቦች ተሰብስበዋል። አስጎብኚዋ ጉኒላ ትባላለች፤ አጭር፣ ጉንጯ የቀላ፣ ስለ እንስሳት ስታወራ ዓይኗ የሚያበራ ሴት ናት። መጀመሪያ የጥንቸል ዱካ አሳየችን። ቀጥላ ኤልይ የሚሉት ፈረስ የሚያህል የአጋዘን ዘመድ የጣለውን ጠጣር ፋንድያ በመዳፏ ይዛ አዞረች። እማማ አንዷን አንስተው አሸተቱና፣ «ይኼን ለማየት ነው ከቤት የወጣነው?» ብለው መለሱላት። ጉኒላ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ። ፈገግ አልኩላት። ያን ጊዜ መልሴ ሁሉ ፈገግታ ነበር።

ከዚያ አንዲት ጭራዋ ረጅም፣ ራሷ ነጭ የሆነ ወፍ ቅርንጫፍ ላይ አረፈች። ጉኒላ ሁላችንንም በእጇ ምልክት ገትራ ስለ ወፏ ማብራራት ጀመረች። ማብራሪያው አላልቅ አለ። ብርዱ ከእግሬ ጣት ተነሥቶ ጉልበቴ ደረሰ። እማማ ከኋላዬ፣ «ለዚች ብለው ነው እንዲህ የሚቆሙት? ሥጋዋ እንኳ ለአንድ ሰው አይበቃ» ሲሉ ሰማሁ። እኔም ወደ ወፏ እያየሁ፣ «ትንሽ ይታገሡ እማማ» አልኩ።

ወፏ በረረች። ዞር ስል እማማ የሉም።

ከዛፉ ጀርባ አየሁ። መንገዱ ዳር ያለችውን የእንጨት ሽንት ቤት አንኳኳሁ፤ ውስጥ ያለው ወንድ ተቆጣኝ። በመጣንበት መንገድ ሮጬ ተመለስኩ። በረዶው ደግሞ በሰዉ ሁሉ ጫማ ተረጋግጦ የማን ዱካ የማን እንደሆነ አይለይም። ፀሐይዋ ወደ ዛፎቹ ጫፍ ወርዳለች። እማማ ስልክ የላቸውም፤ ያኔ ስልኮቹም ቢሆኑ ከመደወል በቀር መንገድ የሚያሳዩ አልነበሩም። ሰናይት በዓይነ ሕሊናዬ መጣችብኝ። «እናቴን የት አደረግሃት?» ስትለኝ ታየኝ፤ «ወፍ ሳይ ጠፉብኝ» ብዬ ስመልስም ታየኝ።

በዚያው ሰዓት ከፊት የሄዱት ልጆች መጮህ ጀመሩ። ከመንገዱ ወጣ ብሎ ማንም ባልረገጠው በረዶ ላይ እንግዳ ዱካ አግኝተዋል። ጉኒላ ሄዳ ተንበረከከች፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ሎዩር!» አለች በሹክሹክታ። ሎዩር ማለት ነብር ነብር የምትል፣ ጆሮዋ ጫፍ ላይ ጸጉር የቆመላት የዱር ድመት ናት። መዳፏ ሰፊና ጸጉራም ስለሆነ ጥፍሯ በረዶው ላይ አይታይም አለች። ከኋላ ጭራ የተጎተተ የሚመስለው መስመር ግን ግራ አጋብቷታል፤ የሎዩር ጭራ አጭር ነው። አንድ እግሯም ቀዳዳ ብቻ ነው የሚተወው። «ቆስላ ይሆናል፤ በሦስት እግሯ እያነከሰች» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ዕድሜ ልኳን ስትፈልጋት ኖራ አንድም ቀን አላየቻትም።

እኔ ዱካውን ልብ ብዬም አላየሁት። ሊያን እንዳላስደነግጣት ጉኒላን በእጅጌዋ ሳብ አደረግኋት። ለብዙ ወራት ተዘግቶ የቆየ አፌን ከፈትኩ። አማት «ስቬርሙር» እንደሆነ አውቃለሁ። ሄደ «ዪክ» ነው። ወዲያ፣ ራቅ ብሎ ማለት «ቦርት» ነው። ገጣጠምኩት።

«ስቬርሙር ዪክ ቦርት!»

ሄዱ፣ ራቁ ማለቴ ነበር። ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን በስዊድንኛ ትርጉማቸው «አረፉ» ነው። እኛ ሞቱ ማለት ሲከብደን አረፉ እንደምንለው፣ እነሱም ዪክ ቦርት ይላሉ። ይህን ያወቅሁት ከጊዜ በኋላ ነው።

ጉኒላ ፊቷ ተለወጠ። ጓንቷን አውልቃ እጄን ያዘችኝ። «ቤክላጋር» አለች፤ ነፍስ ይማር እንደማለት ነው። ያን ጊዜ ቃሏን ስለማላውቃት ይቅርታ የምትጠይቀኝ መሰለኝ። ሰው የጠፋው እሷ እየመራችን ስለሆነ ነው ብዬ አሰብኩ።

«የአንቺ ጥፋት አይደለም» አልኳት በተሰባበረ ስዊድንኛዬ።

«መቼ ነው?»

«አሁን! ስለ ወፏ ስታወሪ!»

«አሁን?» ደነገጠች። ስልክ የተደወለልኝ መስሏታል፤ አብረውኝ የመጡትን እማማን ደግሞ የገዛ እናቴ አድርጋቸዋለች። «አሮጊት ነበሩ?»

«አዎ፣ አሮጊት።»

«ታመው ነበር?»

«አይ። ጉልበታቸውን ብቻ።»

«ጉልበታቸውን?»

ግራ ገባት። እኔ ደግሞ ጊዜው እየሄደብኝ ነው። «አሁን የት ናቸው? የት?» ብዬ ጮህኩባት።

ጉኒላ ቀስ ብላ ወደ ሰማይ ቀና አለች። «እሱን» አለች በለሰለሰ ድምፅ፣ «ማናችንም አናውቅም።»

እኔም ወደ ላይ አየሁ። ዛፍ ላይ ወጥተው ይሆን? በዚያ ጉልበት?

«ወደ ቤት መሄድ ትፈልጋለህ?» አለችኝ።

«አልሄድም! መፈለግ አለብኝ!»

«ልክ ነህ» አለች ትከሻዬን እየደባበሰች። «እንዲህ ባለ ጊዜ ጫካ ውስጥ መሄድ ይረዳል።»

ከዚያ ትልልቆቹን ጠርታ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረቻቸው። ወንዶቹ በዚያ ቁር ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ጸጥ አሉ። እኔም አወለቅሁ። ሰው ከመፈለጋቸው በፊት እንዲህ የሚያደርጉ መሰለኝ፤ ጸሎት ነገር። አንድ ረጅም ጺማም አባት መጥቶ ከነጀርባ ቦርሳው አቀፈኝ። አንዲት ሴት የቀረፋ ዳቦ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ ጾም ስለነበር እንደያዝኩት ቀረሁ። ስዊድን ከገባሁ እንዲህ ያቀፈኝ ሰው አልነበረም። ሰዎቹ ሁሉ እንዲህ ካዘኑ እማማ በቃ አይገኙም ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። እንባዬ መጣ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። የጠሉኝ ሴትዮ፣ «ሬዲዮ» ያሉኝ ሴትዮ፣ ለሊያ በየማታው ጸጉሯን የሚሠሩላት ሴትዮ፣ በሰው አገር በረዶ ውስጥ!

ዱካውን ተከትለን መሄድ ጀመርን። የፍለጋ ቡድን ነው ብዬ ከፊት ሆንኩ። አፌን በእጄ ከብቤ፣ «እማማ በላይነሽ! እማማ!» ብዬ ስጣራ ጉኒላ ከኋላዬ ሮጣ ደረሰችብኝ፤ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣

«አውቃለሁ፣ ያማል» አለችኝ። «ግን ሎዩሯን እናስደነብራታለን።»

ያን ጊዜ ነው የምንከተለው አውሬ እንደሆነ የገባኝ። 

«ሰው ትበላለች?»

«ኧረ በፍጹም! ጥንቸልና ትንንሽ ሚዳቋ ነው። ደግሞ ያረጁና የደከሙ እንስሳትን።»

ያረጁና የደከሙ!  ከመንገድ ዳር አንድ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጥኩ። ጺማሙ ሰውዬ ከጎኔ ተቀምጦ መሐረብ ሰጠኝ።

ሊያ በዚህ ጊዜ ዱካው ላይ አጎንብሳ ነበር። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፣ ቀና አለች።

«ይኼ እኮ ሙርሙር ናት!» አለች በስዊድንኛ። ሙርሙር ማለት የእናት እናት ነው።

ሁሉም ተያዩ። ጉኒላ ተንበርክካ ሊያን አቀፈቻት። «አዎ የኔ ቆንጆ» አለቻት። «ምናልባት ናት። ምናልባት በእንስሳ መልክ ልትሰናበትሽ መጥታ ይሆናል።» የቀረፋ ዳቦ የሰጠችኝ ሴት ፊቷን አዙራ ተናፈጠች።

ሊያ ከእቅፏ ተፈናጥራ ወጣች። እብድ ሰው እንደሚያዩ አየቻት። «ሙርሙር ናት ነው የምልሽ! ይኼ ካልሲዋ! ይኼ ዣንጥላዋ! ይኼ ደግሞ ጋቢዋ!»

እኔ ካልሲና ዣንጥላ የሚሉትን ቃላት አውቃቸዋለሁ። ከግንዱ ላይ ብድግ አልኩ። ዱካውን ለመጀመሪያ ጊዜ ደኅና አድርጌ አየሁት። ካልሲ ያጠለቀው የሰናይት ቦት ጫማ! ዘልዬ ሮጥኩ፤ ሊያ ከኋላዬ፣ ሕዝቡ ከኋላዋ።

ትንሽ ቁልቁለት እንደወረድን ጭስ ሸተተን። ሐይቁ ዳር ሦስት ግድግዳ ብቻ ያላት የእንጨት መጠለያ አለች፤ ፊት ለፊቷ እሳት ይነዳል። እሳቱ ዳር በበረዶ መንሸራተቻው የመጣ አንድ ሽማግሌ ስዊድናዊ ተቀምጧል። ከጎኑ እማማ በላይነሽ፣ ካልሲያቸውን አውልቀው እሳት ላይ እያደረቁ፣ ብርቱካን ይልጣሉ። ሽማግሌው ከእማማ ቦርሳ የወጣ ዳቦ ቆሎ ይቆረጥማል። ሁለቱም ሞቅ ያለ ወሬ ላይ ናቸው።

«መጣህ?» አሉኝ። «ወፏ ጨረሰች?»

 ከኋላዬ ሕዝቡ ቆሟል። ጉኒላ ተጠግታ፣ «እኚህ እናትህ አይደሉም?» አለችኝ።

«ስቬርሙር!» አልኩ በደስታ።

«ሌላ ስቬርሙር?»

«አንድ ናቸው! እሳቸው ናቸው!»

ጉኒላ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ጺማሙ ሰውዬ ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀ። ሊያ የእነሱንም የኔንም ፊት አየችና በስዊድንኛ፣ «አባ፣ ምን ብለህ ነው የነገርካቸው?» አለችኝ። ያልኩትን ደገምኩላት። ዓይኗ ፈጠጠ። በጀርባዋ በረዶው ላይ ወደቀች፣ እግሯን እያወራጨች ሳቀች። ስትጨርስ ተነሥታ፣ ቃል በቃል እየፈለገች፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሙሉ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ነገረችኝ።

«አባዬ... አንተ... እማማን ገደልክ!»

ከዚያ ለጉኒላ አስረዳቻት። ጉኒላ መጀመሪያ ስለ ሎዩሯ አዘነች፤ ቀጥሎ ስለ እማማ ደስ አላት፤ በመጨረሻ ሁለቱም ባንድ ላይ መጡባትና በረዶው ላይ ቁጭ ብላ እስክታለቅስ ሳቀች። ሕዝቡ ተከተላት።

«ምን ሆነው ነው?» አሉ እማማ።

ልዋሽ አሰብኩ፤ አልመጣልኝም። «እማማ፣ ሞተዋል ብዬ ነግሬያቸው ነው። ተሳስቼ።»

 ብርቱካኑን አስቀመጡት። ተነሥተው በዣንጥላው የሚሉኝ መሰለኝ።

«ለመሆኑ አለቀስክ?» አሉ።

«አዎ እማማ።»

«በደንብ?»

ጺማሙን ሰውዬ ጠቆምኳቸው። መሐረቡን እስካሁን ይዤው ነበር። አገላብጠው አዩት።

«ጥሩ» አሉ። «ና ቁጭ በል፣ እሳት ሙቅ።» ግማሹን ብርቱካን ሰጡኝ።

ቁጭ እንዳልኩ በተራቸው ወሬ ጀመሩ። ወፏ ስትሰለቻቸው ጭስ አይተው መምጣታቸውን፣ ሽማግሌው ስቱሬ እንደሚባል፣ ጨዋ ሰው እንደሆነ ነገሩኝ። «ያዳምጣል። ከእናንተ ጋር ያላወራሁትን ከእሱ ጋር አወራሁ።»

«በምን ቋንቋ?»

«በአማርኛ ነዋ! እሱም በራሱ ያወራል። ሚስቱ ሞታበታለች። አብረው ይመጡ የነበሩት እዚህ ቦታ ነው።»

«እንዴት አወቁ?»

«ቀለበቱን አሳየኝ። ከጎኑ ባዶውን ቦታ መታ መታ አደረገ። ከዚህ በላይ ምን ይበለኝ?»

ሊያ ስቱሬን ጠየቀችው። ልክ ነበር። እሱም በበኩሉ እማማ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸውና ልጃቸው ያገባችው ሰው ድሮ ብዙ ያወራ እንደነበር ነገራት። ይኼን ደግሞ እንዴት እንደተረዳ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ሰዉ ሁሉ እሳቱን ከበበ። ጺማሙ ሰውዬ እንዴት እንዳለቀስኩ ለእማማ በምልክት አሳያቸው፤ ደግመህ አሳየኝ አሉት። ጉኒላ የጉልበቱን ነገር ጠየቀችኝ፤ መለስኩላት። ስሳሳት ሊያ ታርመኛለች፤ ስታርመኝ ሁሉም ይስቃል፤ ሲስቁ እኔ እቀጥላለሁ። ትንሽ ቆይቼ ሳስተውለው ለካ አሁንም እያወራሁ ነው። የመርካቶ ሱቅ፣ የሚዜነቴ፣ የሽማግሌዎቹ ነገር፣ አንዱም አልቀረ። ሰዋስው የለው፣ ጊዜ የለው፣ ያለፈው ወደፊት ይሄዳል። ግን ይስቃሉ፤ በዳቦ ቤቱ ዓይነት ሳቅ ሳይሆን መርካቶ ደንበኞቼ ይስቁት በነበረው ሳቅ።

ማታ ሰናይት ከሥራ ስትገባ ሦስታችንም ባንድ ጊዜ እየጮህን ልንነግራት ስንሻማ ካፖርቷን ሳታወልቅ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ቀረች። እማማ፣ «ተመልሷል፣ ያ አፈኛው» አሏት። ከፍቷቸው ይሁን ደስ ብሏቸው ከድምፃቸው አልለየሁም። በነጋታው ግን ቁርስ ላይ ወሬዬን ሳቋርጥ፣ «ከዚያስ?» ያሉኝ እሳቸው ናቸው። በተከታዩ ቅዳሜ ደግሞ ከሁላችንም ቀድመው ለብሰው በሩ ላይ ጠበቁን። ስቱሬ ዳቦ ቆሎውን ወዶት ነበር።

እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ስዊድንኛ ፈርቼ አላውቅም። አስቡት እስቲ፤ አማቱን በሰው ፊት የገደለ ሰው ከዚያ በላይ ምን ይሳሳታል? ዛሬ አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ተሳፋሪ አናግራለሁ፣ እሳሳታለሁ፣ ያርሙኛል። ሊያ ትልቅ ልጅ ሆናለች፤ አማርኛዋ ከኔ ስዊድንኛ ብዙም አይሻልም፤ ሁለታችንም እየተሳሳትን እንጨቃጨቃለን። እናንተ በቅርቡ የመጣችሁ፣ ትክክለኛዋን ቃል እስካገኝ ብላችሁ አፋችሁን የዘጋችሁ ሰዎች፣ ይኼን የምነግራችሁ ለሳቅ ብቻ አይደለም።

ትክክለኛዋን ቃል በኋላ ተማርኳት። «ፈሽቫን» ናት፤ ጠፋች ማለት። አንዲት ቃል። ያን ቀን ባውቃት ኖሮ ጉኒላ ወዲያው ዱካውን አይታ፣ እማማን ከእሳቱ ዳር አንሥተን፣ ማንም ሳያቅፈኝ፣ ማንም ሳይስቅ፣ በአውቶቡሱ መስኮት ሦስታችንም ወደ ሦስት አቅጣጫ እያየን ቤታችን እንገባ ነበር።